በ2012 ዓ.ም. ወደ ሰማይ የወጡት መንኮራኩሮችና የሐይቅ ውኃ

የ2012 ዓመተ ምሕረት በጠፈር በኩል ሥራ የበዛበት ዓመት ነበር። በታኅሣሥ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ወጣች፤ በግንቦት አሜሪካኖች ከ9 ዓመት በኋላ ከገዛ አገራቸው ሰው በመንኮራኩር ጭነው ላኩ፤ በሰኔ 14 ቀን ማለዳ ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ታየች፤ በሐምሌ ደግሞ ሦስት አገሮች በ11 ቀን ውስጥ ሦስት መንኮራኩር ወደ ማርስ አስወነጨፉ። ፈረንጆች ዘመን የሚለውጡት በጥር ስለ ሆነ ይህ ሁሉ በእነርሱ መዝገብ በሁለት ዓመት ተከፍሎ ይገኛል። በእኛ ግን ከአንዱ እንቍጣጣሽ እስከ ሌላው እንቍጣጣሽ የተፈጸመ ነውና እንደ አንድ ዓመት ታሪክ ልንመለከተው እንችላለን። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በራሳችን አቈጣጠር አድርጌዋለሁ።

በተማሪዎች መካከል የሳተላይት ነገር በተነሣ ቍጥር ክርክሩ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ «የአምባሰል ገበሬ በገደል አፋፍ ላይ በበሬ እያረሰ ሳለ የሰማይ መጫወቻ መግዛት ምን ይባላል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ባንዲራ የተሳለበት ዕቃ ጠፈር መድረሱን ብቻ አይቶ እልል ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ይረሳሉ። ሳተላይት ዓይን ናት። ዓይን ያየውን የሚያነብ፣ አንብቦም የሚናገር ሰው ከሌለ ግን ምን እንደሚሆን የወሎ ሕዝብ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ወደዚያ ነገር ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ሥራውን እንመልከት።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ባለ ሥልጣኖችና ሳይንቲስቶች ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ታይዩዋን ከተባለው የቻይና ማስወንጨፊያ ሥፍራ ሎንግ ማርች 4ቢ የሚባለው ሮኬት ሲነሣ በቴሌቪዥን መስኮት አዩ። የሮኬቱ ዋና ጭነት ቻይናና ብራዚል በኅብረት የሠሩት ሳተላይት ነበር። የእኛይቱ ኢቲአርኤስኤስ-1 ከደሴ ወደ ውጫሌ በሚሄድ የእህል መኪና ላይ ቦታ ለምኖ እንደሚሳፈር መንገደኛ ከጎኑ ተጭና ነው የሄደችው። ይህ ነውር አይደለም፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ሳተላይቶች የሚሄዱት እንዲሁ ነው። ክብደቷ ከ70 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ታንሳለች፤ 83 ኪሎ ይመዝን ከነበረው ከመጀመሪያው ስፑትኒክም ትቀላለች ማለት ነው። ወጪዋ ከ7 እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ሲባል ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆነውን የከፈለች ቻይና ናት። የተሠራችውም በቻይና የጠፈር ቴክኖሎጂ አካዳሚ ሲሆን ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አብረው እየሠሩ ተምረውባታል። መረጃውን የሚቀበለው ጣቢያ ግን እንጦጦ ላይ ነው።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ አሜሪካኖች ስታርላይነር የተባለ አዲስ መንኮራኩር ያለ ሰው ለሙከራ ሰድደው ነበር። ሮኬቱ በደኅና ወጣ፤ የመንኮራኩሩ ሰዓት ግን በ11 ሰዓት ያህል ተሳስቶ ተሞልቶ ስለ ነበር፣ ሞተሩን ማንሣት በሚገባው ጊዜ ሳያነሣ፣ በማይገባው ጊዜ ነዳጁን ጨርሶ፣ የጠፈሩን ጣቢያ ሳይደርስበት ተመለሰ። እኛ በአበሻ ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ባለው የ6 ሰዓት ልዩነት አውቶቡስ ሲያመልጠን የምናፍር ሰዎች፣ ከዚህ ትንሽ መጽናኛ ልናገኝ እንችላለን።

የኢትዮጵያና የሳተላይት ትውውቅ ግን በ2012 የተጀመረ አይደለም። የመጀመሪያው ስፑትኒክ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሲወጣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ይከበር ነበር። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመውም በዚሁ ዓመት ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ ተቋም ሳተላይቶችን በሌሊት ፎቶግራፍ የሚያነሣ ትልቅ ካሜራውን ደብረ ዘይት አጠገብ ተክሎ ነበር። ስለዚህ ከእኛ አገር መሬት ላይ የሌላው ሰው ሳተላይት ሲታይና ሲመዘገብ ኖሮ፣ ከስፑትኒክ 62 ዓመት በኋላ የራሳችን ወጣች።

አሁን፣ ይህች ዕቃ ሰማይ ላይ ምን ይዟት ትቆማለች? አለመውደቋ ብዙ ሰው ያስደንቃል። መልሱ ትወድቃለች ነው። አንድ ሰው ከግሸን አምባ አፋፍ ቆሞ ድንጋይ ቢወረውር ድንጋዩ እየጎበጠ ሄዶ ቆላው ላይ ያርፋል። አጥብቆ ቢወረውር ከወንዙ ማዶ ያርፋል። ኒውተን እንዳሰበው፣ አየር ባይኖርና ክንዱ በሴኮንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር መወርወር ቢችል፣ ድንጋዩ በጎበጠ መጠን ምድርም ክብ ናትና ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሸዋለች፤ ሲወድቅ ይኖራል እንጂ መሬት አይደርስም። የሮኬት ሥራ እንግዲህ ዕቃን ወደ ላይ ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ወደ ጎን በዚህ ፍጥነት መወርወር ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 ከምድር በላይ 628 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ እየወረደችና እየወጣች፣ ዓለምን በ97 ደቂቃ ትዞራለች። በቀን 15 ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። ከሐይቅ ከተማ አዲስ አበባ በቀጥታ ቢለካ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ጣርማበርን ተሻግረን ቀኑን ሙሉ የምንጓዘውን እርስዋ በ40 ሴኮንድ ትጨርሰዋለች።

ከዚያ ከፍታ የምታየው ምንድን ነው? የሳተላይት ምስል እንደ ሰፌድ ስፌት ከነጥብ የተሠራ ነው። የዚህች ሳተላይት አንዲት ነጥብ በመሬት ላይ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር፣ ማለት 188 ካሬ ሜትር ያህል ትሸፍናለች። ከዚያ ያነሰ ነገር ለብቻው አይታይም፤ ሰው፣ በሬ፣ ጎጆ በነጥቧ ውስጥ ተደባልቆ ይጠፋል። የሐይቅ ውኃ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ወደ 120 ሺህ ነጥብ ይሆናል። ይህ ብዙ ነው፤ የባሕሩን ዳር በደኅና ለመከተል ይበቃል። የአንድ ገበሬ ማሳ ሩብ ሄክታር ቢሆን ግን 13 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከነዚያም ብዙዎቹ ጠርዝ ላይ ወድቀው ግማሻቸው የጎረቤት ማሳ፣ ግማሻቸው የእርከን ድንጋይ ይሆናሉ። ስለዚህ «ሳተላይቷ የእያንዳንዱን ገበሬ ሰብል ታያለች» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። አንድ ቀበሌ አረንጓዴ መልበሱን ወይም መድረቁን ግን ታሳያለች።

እያንዳንዷ ነጥብ የምትይዘው ቀለም ብቻ አይደለም። ሳተላይቷ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውንና ቀዩን ብርሃን ለየብቻ ትለካለች፤ ከቀዩ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውንና ኢንፍራሬድ የሚባለውንም ትለካለች። ዋናው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል፤ ኢንፍራሬዱን ግን አጥብቆ ይመልሰዋል። ውኃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ውጦ ያስቀራል። ስለዚህ በኢንፍራሬድ በተነሣ ምስል ላይ የሐይቅ ባሕር እንደ ቀለም ብልቃጥ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በዳሩ ያለው ቄጠማና የመስኖ ማሳ ያበራል፤ የተራቆተው ተራራ በሁለቱ መካከል ነው። ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ቀንሶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቍጥር ወደ 1 ሲጠጋ ልምላሜ፣ ወደ ዜሮ ሲወርድ ደረቅ መሬት፣ ከዜሮ በታች ሲሆን ውኃ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ መሆኑን ልብ በሉ።

የሐይቅ ባሕር ለዚህ ዓይነት ጥናት የተመቸ ነው። ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ ዝናብና ወንዝ ያስገቡለታል፤ ፀሐይና ሰው ይወስዱበታል። በሌላ አነጋገር የአካባቢው የዝናብ ባንክ ነው፤ ሒሳቡም በዳሩ ላይ ይጻፋል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በደሴት ላይ የነበረ ነው፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘ ልሳነ ምድር ላይ ይገኛል። ውኃው መሸሹን ለማወቅ ሳተላይት አላስፈለገም። መቼ፣ ምን ያህል፣ በየትኛው ዳር ሸሸ፣ ዘንድሮስ ተመለሰ ወይስ ቀጠለ የሚለውን ለመመለስ ግን በየዓመቱ በአንድ ወቅት የተነሣ ምስል ከመጠየቅ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ምስሉ የማያሳየው ነገርም አለ። የባሕሩ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ የውኃው ፊት ግን ጥልቀቱን አይናገርም። በክረምትም ገበሬው መረጃውን በሚፈልግበት ጊዜ ደመና ይሸፍነዋል።

እስካሁን ወደ ታች ስለምታይ ዓይን ተናገርኩ። የዓመቱን ትልቅ ወሬ የወሰዱት ግን ወደ ሩቅ የሄዱት ናቸው። በእኛ ሰዓት ሐምሌ 13 ቀን የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች «ተስፋ» ያሉትን መንኮራኩር ከጃፓን ታኔጋሺማ ላኩ። ሐምሌ 16 ቀን ቻይና ቲያንዌን-1ን ከዌንቻንግ፣ ሐምሌ 23 ቀን አሜሪካ ፐርሲቪራንስን ከኬፕ ካናቬራል አስነሡ። ወረርሽኙ ዓለሙን ዘግቶ፣ እዚህም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው በየቤቱ በተቀመጠበት ክረምት ነው። ሦስቱም ለምን በአንድ ወር ተሽቀዳደሙ?

የሜዳ ሩጫ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ምድር በውስጠኛው መም ትሮጣለች፤ ፀሐይን በ365 ቀን ትዞራለች። ማርስ በውጭው መም ቀስ ብላ በ687 ቀን ትዞራለች። ምድር ማርስን ደርባ የምታልፋት በየ780 ቀኑ፣ በ26 ወር አንድ ጊዜ ነው። መንኮራኩርም በመንገድ ላይ 7 ወር ያህል ስለሚቆይ የሚተኮሰው ማርስ ዛሬ ወዳለችበት ሳይሆን ከ7 ወር በኋላ ወደምትደርስበት ነው፤ በምትበር ቆቅ ላይ የሚያነጣጥር አዳኝ ፊት ለፊቷ እንደሚተኩስ ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ምድርና ማርስ የሚገባቸውን ቦታ ይዘው መገኘት አለባቸው፤ ቦታውንም የሚይዙት በ26 ወር ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። አውሮፓውያንና ሩስያ በዚያው ክረምት አብረው ሊልኩት የነበረ አንድ መንኮራኩር ነበራቸው። ፈተናው ስላላለቀ በመጋቢት 2012 ለሁለት ዓመት አስተላለፉት፤ ሁለቱ ዓመት ሲደርስ የዩክሬን ጦርነት ተነሣና ሽርክናው ፈረሰ። በሰማይ መንገድ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው የሚጠብቀው እስከ ነገ አይደለም።

ሦስቱ መንኮራኩሮች በየካቲት 2013 ዓ.ም. ደረሱ፤ «ተስፋ» በ2፣ ቲያንዌን በ3፣ ፐርሲቪራንስ በ11። ፐርሲቪራንስ 470 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ነው ያረፈው። በዚያ ቀን ከማርስ የተላከ የራዲዮ ምልክት ምድር ለመድረስ 11 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ ከማርስ አየር ጫፍ እስከ መሬቱ ያለው መውረድ ግን 7 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ «አየሩ ውስጥ ገባሁ» የሚለው ወሬ ለሰዎቹ ሲደርሳቸው መንኮራኩሩ አስቀድሞ ወይ አርፏል ወይ ተከስክሷል፤ ከምድር ሆኖ የሚመራው ሰው የለም፤ የተማረውን ይዞ ራሱን ችሎ መውረድ ነበረበት። ደኅና አረፈ። ይዞት የሄደው ትንሽ ሄሊኮፕተርም ሚያዝያ 11 ቀን በማርስ አየር ላይ በረረ፤ የቻይናውም ተሽከርካሪ በግንቦት አረፈ።

ከሦስቱ ይልቅ እኔን ያስደነቀችኝ የኤሚሬቶቹ ናት። ኤሚሬቶች ለወሎ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከሐይቅም ከአምባሰልም ብዙ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ለሥራ የተሰደዱባት፣ በየቤቱ ስልክ የሚደወልባት አገር ናት። የመጀመሪያዋን ሳተላይታቸውን ዱባይሳት-1ን ያስወጡት በሐምሌ 2001 ዓ.ም. ነው፤ እርስዋም በኮሪያ የተሠራች ነበረች፤ እነርሱም መሐንዲሶቻቸውን ለትምህርት ወደዚያ ልከው ነበር። ከዚያ በኋላ ማርስ ለመድረስ 12 ዓመት እንኳ አልፈጀባቸውም፤ ለዚያውም ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጋር እየሠሩ። ዘይት ያለው ሁሉ ይህን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ዘይት ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ ማርስ የደረሱት ግን ስንት ናቸው? ከ2012ቱ ሳተላይታችን ላይ በቻይና መሠራቷን እንደ ስድብ የሚቈጥሩ ወንድሞች ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው። መጠየቅ የሚገባው ተምረው የተመለሱት መሐንዲሶች ምን ሥራ ተሰጣቸው የሚለው ነው።

አሁን ወደ ጀመርኩት ነገር ልመለስ። ምድርን ለመቃኘት የወጣችው የመጀመሪያዋ የላንድሳት ሳተላይት የተወነጨፈችው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ቲያንዌን ከሄደችበት ቀን ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። 1964 ግን ምን ዓመት እንደ ነበር አባቶቻችን ያውቃሉ። በወሎ ዝናብ የቀረበት፣ እስከ 1966 የዘለቀው እልቂት የተጀመረበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ወሎ በምትደርቅበት ክረምት ሰማይ ላይ ዓይን ወጥቶ ነበር። የዚያች ሳተላይት ነጥብ ወደ 80 ሜትር የሚጠጋ ነበር፤ ወደ አንድ ቦታ የምትመለሰው በ18 ቀን ነው፤ ምስሉን ወደ ድርቅ ምልክት የሚለውጠው ከላይ የጠቀስኩት ስሌት ገና በመወለድ ላይ ነበር። ምስሉንም የወሎ ሰው ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው በጊዜው አንብቦ ሊጮኽበት የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ረኃቡን ለተማሪው ያሳዩት ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ ያነሡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ፎቶግራፉ በግቢው ሲታይ ተማሪው ተነሣ። በዚያ ጊዜ ረኃብተኛው በደሴ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ያስቆም ነበርና ለማየት ከፍታ አላስፈለገም። የጎደለው እንዲነገር የሚፈቅድ ነበር።

በ1977ቱ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይባስ ያሳዝናል፤ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መሥሪያ ቤት በአገሩ ተቋቁሞ ነበር፤ አስጠንቅቆም ነበር፤ የሰማው ግን ዘገየ። ከዚያ እልቂት በኋላ ነው አሜሪካኖች ፊውስ ኔት የሚባለውን፣ የልምላሜውን ቍጥር ከሳተላይት እየለቀመ ረኃብን አስቀድሞ የሚናገር ድርጅት የመሠረቱት። በ2012 የአንበጣ መንጋ አገራችንን ሲወርርም እንዲሁ ሆነ። ሳተላይት አንበጣውን አታይም፤ በበረሃ ላይ ዝናብ ጥሎ አንበጣው የሚራባበት ልምላሜ ሲበቅል ግን ታያለች፤ የዓለም የእርሻ ድርጅትም በዚሁ እየተመራ ያስጠነቅቅ ነበር። ማስጠንቀቂያው ቆላው ድረስ በምን ያህል ፍጥነት ወረደ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ሌላው ያነበበውን ብቻ ይዞ መኖር ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ወደ ሰማይ መውጣት አያስፈልግም፤ አምባሰል ይበቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣልያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር፤ ልዩነቱም እስከ ዐድዋ አደረሰን። የምስል ትርጕምም እንደ ውል ትርጕም ነው። አንዱ «ደረቅ» ብሎ የጻፈውን ቦታ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው «አጨዳው ያለቀ» ሊለው ይችላል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ከወሬ በላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ኢቲአርኤስኤስ-1 ስትወጣ ለሁለት ዓመት ሥራ የታሰበች ነበረች፤ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ10 ኪሎ የማትሞላ ሌላ ትንሽ ሳተላይት ተከተለቻት። እነርሱ ባይኖሩ እንኳ የላንድሳት ምስል ከ1964 ጀምሮ ያለው ሁሉ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ለማንም በነፃ ተከፍቷል። ሴንቲኔል-2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶችም 10 ሜትር በሆነ ነጥብ በ5 ቀን አንድ ጊዜ እየተመለሱ ያነሣሉ፤ ያም በነፃ ነው። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያገኘ ተማሪ የሐይቅን ባሕር የ50 ዓመት ታሪክ በአንድ የዕረፍት ወር ውስጥ ሊለካ ይችላል ማለት ነው።

ለሚሞክር ሰው ጥቂት ነገር ልጠቍም። ምስሎቹን ሁሉ ከአንድ ወር ምረጡ፤ ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራ ስለ ሆነ ይሻላል። የበልግን ምስል ከበጋ ምስል ጋር አታወዳድሩ። በየዓመቱ ጥቁር የሆኑትን ነጥቦች ቍጠሩና በነጥቡ ስፋት አባዙ። የድሮው ነጥብ ትልቅ፣ የአሁኑ ትንሽ ነውና የዳሩ ልዩነት ከአንድ ነጥብ ካነሰ ውኃው ሸሸ ብላችሁ አትጻፉ። ከዚያ ወደ ሐይቅ ወርዳችሁ በባሕሩ ዳር በእግር ዙሩ፤ ገዳሙ አጠገብ ያሉትን መነኰሳትና ዓሣ አጥማጆቹን ውኃው የት ድረስ ይመጣ እንደ ነበር ጠይቁ፤ ያሳዩአችሁን ቦታ በስልካችሁ መዝግባችሁ ከምስሉ ጋር አስተያዩ። ሥራውን ወደ አምባሰል ተራሮች የምታሰፉ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። እነዚህ ሳተላይቶች የሚያልፉት ከጥዋቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ ናትና የገደሉ ጥላ በሰሜን ምዕራቡ በኩል ይወድቃል፤ ጥላውም በኢንፍራሬድ ምስል ላይ ልክ እንደ ውኃ ጥቁር ነው።